ስሙ የሁለት፣ ድምፁ የዘጠኝ፦ የፊሊፒንሱ ቤን ኤንድ ቤን እንዴት እዚህ ደረሰ?

ባንዱ ዘጠኝ ሰው ነው። ስሙ ግን የሁለት ሰው። ቤን ኤንድ ቤን ይባላል። ሁለቱ ቤኖች መንታ ወንድማማቾች ናቸው፤ ፓኦሎ ቤንጃሚን ጊኮ እና ሚጌል ቤንጃሚን ጊኮ። ቤንጃሚን የሚለውን ስም ሁለቱም ይጋሩታል። መጀመሪያ ብቅ ያሉት «ዘ ቤንጃሚንስ» ብለው ነበር። በፈረንጆቹ 2017 ስማቸውን ወደ አሁኑ ቀየሩት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው፤ አሥሬ እንዳልደጋግመው።)

ስለ አንድ የማኒላ ባንድ ምን አስጻፈህ ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ያለፉትን አሥር ዓመታት የእስያ ሙዚቃ በሩቁ ለሚያይ ሰው ወሬው ሁሉ የኮሪያ ነው። ዳንስ፣ መብራት፣ ተመሳሳይ የለበሱ ወጣቶች። የፊሊፒንስ ወጣትም የኬፖፕ ወዳጅ ነው፤ ያውም የለየለት። ሆኖም በ2020 ፊሊፒንስ ውስጥ ስፖቲፋይ በሚባለው የሙዚቃ ማዳመጫ መተግበሪያ ከአገሬው አርቲስቶች ሁሉ በላይ የተደመጠው ዳንሰኛ ቡድን አልነበረም። አኩስቲክ ጊታር፣ ቫዮሊንና የእጅ ከበሮ ይዞ፣ ስለ ፍቅርና ስለ ስንብት ረጋ ብሎ የሚዘፍን ባንድ ነበር።

እንዴት ሆነ? እኔ እንደሚመስለኝ ቤን ኤንድ ቤን የውጭ ገበያ ሰብሮ ለመግባት ሲል ራሱን አልበረዘም። ይልቅ የአገሩ ሰው ዘፈን የሚፈልግበትን ሰዓት እየተከተለ ሄደ። ፊልም ሲያይ። ሲያገባ። ገና ሲደርስ። በር ተዘግቶበት ቤት ሲቀመጥ። የባንዱን መንገድ በዚህ በኩል ካዩት ብዙው ነገር ግልጽ ይሆናል።

ድርሰቱ ቀደመ

ፊሊፒንስ ውስጥ ፊልፖፕ የሚባል የዘፈን ድርሰት ውድድር አለ። በ2012 የተጀመረ ነው። አንጋፋው የሙዚቃ ሰው ሪያን ካያብያብ ለዓመታት መርተውታል። ይህ ውድድር ከለመድናቸው የድምፅ ውድድሮች ይለያል። የሚዳኘው ድምፃዊው አይደለም፣ ዘፈኑ ነው። ደራሲው ግጥምና ዜማውን ያቀርባል፤ መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘፍነው ሌላ ስም ያለው ድምፃዊ ነው። መንታዎቹ በ2016 «ቲናታንጊ» በሚል ዘፈን ለፍጻሜ ከደረሱት መካከል ነበሩ። ቃሉ ከሌላው ሁሉ ለይተው የሚወዱት ሰው እንደማለት ነው።

ይቺን ነገር ለታሪክ ማሟያ አላነሳኋትም። ብዙ ባንድ የሚጀምረው ከመጠጥ ቤት መድረክ ነው። መጀመሪያ ሰው ማዝናናት ይለምዳል፣ የራሱ ዘፈን በኋላ ይመጣል። እነዚህ ግን ከወረቀትና ከጊታር ተነሱ። ሌላ ሰው ሲዘፍነው የማይወድቅ ዘፈን መጻፍ ነበር የመጀመሪያ ፈተናቸው። ዛሬ ዘፈኖቻቸውን ስሟቸው። ዘጠኝ ሰው ከሚያጅበው ቅንብር ስር አንድ ሰው በአንድ ጊታር ሊዘፍነው የሚችል ዜማ ተቀምጧል። ተማሪው በዶርሙ፣ ሙሽራው በሰርጉ፣ መዘምራኑ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የሚጫወተው ለዚህ ነው።

መንታዎቹ ይዘፍናሉ፣ ጊታርም ይጫወታሉ። ሊድ ጊታሩ የፖች ባሬቶ ነው። ቤዙን አግነስ ረኦማ፣ ኪቦርዱን ፓትሪሺያ ላሳተን፣ ድራሙን ጃም ቪላኑዌቫ ይዘዋል። ቫዮሊኑ የኪፈር ካቡጋዎ ነው። ፐርከሽን ላይ ደግሞ ሁለት ሰው አለ፤ ቶኒ ሙኞዝ እና አንድሩ ዴ ፓኖ። ሁለቱ አብረው ይዘፍናሉም።

ለአንድ ለስላሳ ዘፈን ዘጠኝ ሰው አይበዛም? መጀመሪያ ስሰማቸው እኔም እንዲህ ነበር ያልኩት። ሲደጋገም ግን ዘዴው ይገባል። ዘፈኑ በአንድ ጊታርና በአንድ ድምፅ ይጀምራል፤ ሰው ጆሮህ ስር የሚያንሾካሹክ ይመስላል። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቤዙና የእጅ ከበሮው ይገባሉ። ቫዮሊኑ ለጊዜው ዝም ብሏል። አዝማቹ ለመጨረሻ ጊዜ ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ ይነሳሉ፤ የብቻ ሐዘን የነበረው የሕዝብ መዝሙር ሆኖ ቁጭ ይላል። አዳራሽ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ አብሮ የሚጮኸው እዚህ ጋ ነው። ይህን በኮምፒውተር በተሠራ ድምፅ ማምጣት ይቻል ይሆናል። ዘጠኝ ሰው ትንፋሹን ጠብቆ አብሮ ሲገባ ያለው ነገር ግን ሌላ ነው።

ፎክ ነው? ወይስ ኢንዲ?

ሁለቱም ቃላት ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋሉ።

ኢንዲ ሲባል በመጀመሪያ ትርጉሙ ከትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያ ነፃ የሆነ ማለት ነበር። በዚህ መለኪያ ከሄድን ቤን ኤንድ ቤን ኢንዲ መሆኑ ካበቃ ቆይቷል። የመጀመሪያ አልበማቸው በ2019 የወጣው በሶኒ ሙዚቃ ፊሊፒንስ በኩል ነው። ዛሬ ቃሉ የድምፅ ዓይነት መጠሪያ ሆኗል። ያልተቀባባ ድምፅ፣ የእንጨት መሣሪያ፣ ከራስ ሕይወት የተቀዳ ግጥም። ይኼ በእነሱ ላይ ብቻ የሆነ ነገር አይደለም፤ ዓለም ላይ ያለ ነገር ነው።

ፎክ (ከሕዝብ ዜማ የተቀዳ፣ በጊታር የሚዘፈን ሙዚቃ) የሚለው ቃል ግን ፊሊፒንስ ውስጥ የራሱ ሥር አለው። ሥሩም የፖለቲካ ነው። በ1970ዎቹ ፕሬዚዳንት ፌርዲናንድ ማርኮስ ወታደራዊ ሕግ ባወጁበት ዘመን ጊታር ይዘው በአገራቸው ቋንቋ የሚዘፍኑ ወጣቶች ተነሱ። ፍሬዲ አጊላር በ1970ዎቹ መጨረሻ «አናክ» በሚለው ዘፈኑ ከአገሩ አልፎ በብዙ አገሮች ታወቀ። ትርጉሙ «ልጅ» ማለት ነው። አሲን የሚባለው ቡድን ስለ ተፈጥሮ መበላሸትና ስለ ደቡቡ ጦርነት ዘፈነ። አጊላር ማርኮስን በጣለው ንቅናቄ ጊዜ ሰልፈኛው መሐል ቆሞ የአገር ፍቅር ዜማ ያዜም ነበር። በግንቦት 2025 ሲሞት አገሪቱ የሸኘችው አንድ የዘመን ምልክት አድርጋ ነው።

ማርኮስ ከወደቁ በኋላ አንድ ሕግ መጣ። በ1987 ፕሬዚዳንት ኮራዞን አኪኖ የፈረሙት ትእዛዝ ሙዚቃ የሚያስተላልፍ ሬዲዮ ጣቢያ ሁሉ በየሰዓቱ ቢያንስ አራት የፊሊፒንስ ወጥ ዘፈኖች እንዲያሰማ ያስገድዳል። ሕጉ ምን ያህል ተከበረ የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ ሙዚቀኞቹ ሲያማርሩ ነው የኖሩት። ቢሆንም የአገር ዘፈን መብት አለው የሚል ሐሳብ በሕግ ተጻፈ። ይህን ሙዚቃ በጅምላ «ኦፒኤም» ይሉታል፤ የፊሊፒንስ ወጥ ሙዚቃ እንደማለት።

ቤን ኤንድ ቤን የዚህ የፎክ ቤት የልጅ ልጅ ነው። ጊታሩን ወረሰ፣ ቋንቋውን ወረሰ፣ አብሮ የሚዘፈን አዝማችን ወረሰ። ቁጣውን ግን ብዙም አልወረሰም። ዘፈኖቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ ልብ ነው። ፊሊፒንሶች ለዚህ ዓይነቱ ነገር «ሁጎት» የሚል ቃል አላቸው። በቀጥታ ሲፈታ ነቅሎ ወይም ጎትቶ ማውጣት ነው። ከሆድ ተጎትቶ የወጣ ንግግር። አንድ ሰው ስለ አውቶቡስ እያወራ ድንገት ስለ ተወው ፍቅረኛው የሆነ ነገር ጣል ካደረገ ጓደኞቹ «ሁጎት!» ብለው ይስቁበታል። የፊልሙም የዘፈኑም ዋና ቅመም ይኸው ነው። የድሮ ፎክ አፍቃሪዎች በዚህ ቅር ይላቸዋል። ጊታሩ አለ፣ አገሩ የት ሄደ ይላሉ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ሲኒማ ቤቱ

2017 ላይ «ካታንግ ኢሲፕ» ወጣ። የምናብ ፈጠራ ማለት ነው። ፍቅር ነው ብሎ ያመነው ነገር ለካ በራሱ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ የነበረ ሰው ዘፈን ነው። እስከዚያ ድረስ «ራይድ ሆም»ን በመሰሉ በእንግሊዝኛ በተጻፉ ዘፈኖች ይታወቁ ነበር። ይህ ግን በፊሊፒኖ ቋንቋ ነው፤ ሰዉ ያዘው።

ዋናው በር የተከፈተው ግን በ2018 ነው፤ በሲኒማ በኩል። በዚያ ዓመት «ኤክስስ ባጌጅ» የሚባል የፍቅር ፊልም ወጣ። አንጀሊካ ፓንጋኒባን እና ካርሎ አኪኖ ይተውኑበታል። ሁለቱ ተዋናዮች በእውነተኛው ሕይወትም የቀድሞ ፍቅረኞች ስለነበሩ ሰዉ ሲኒማ ቤቱን አጥለቀለቀው። ማጀቢያው የቤን ኤንድ ቤን «ሜይቢ ዘ ናይት» ነበር። በዚያው ዓመት ሌላም ፊልም ጠራቸው፤ ይሄኛው የታሪክ ፊልም ነው። በ1899 ቲራድ በተባለ የተራራ መተላለፊያ ከአሜሪካ ጦር ጋር ሲዋጋ ስለወደቀው ወጣቱ ጄኔራል ግሬጎሪዮ ዴል ፒላር የሚተርክ። ለእሱ የሠሩት «ሱሲ» ይባላል፤ «ቁልፍ» ማለት ነው።

እዚህ ጋ ቆም ልበል። ፊሊፒንስ ውስጥ ፊልምና ዘፈን የሚለያዩ ዕቃዎች አይደሉም። የፍቅር ፊልም ያለ ጭብጥ ዘፈን አይታሰብም፤ ተከታታይ ድራማውም እንዲሁ። አድማጩ ዘፈኑን የሚያውቀው ከአንድ ትዕይንት ጋር ነው። ተዋናይዋ ዝናብ ውስጥ ቆማ፣ ባቡሩ ሲሄድ፣ ስልኩ ሲዘጋ። ከዚያ በኋላ ዘፈኑን በሰማ ቁጥር ትዕይንቱ ይመጣበታል። ቀጥሎ የራሱን ትዕይንት ይተካበታል። ዘፈኑ የእሱ ሆነ ማለት ነው። ለአንድ አዲስ ባንድ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ የለም። በተለይ ዘፈኑ ብቻውን መቆም የሚችል ሲሆን።

ከፊልም ወደ ሰርግ አንድ እርምጃ ነው። «አራው አራው» የሚለው ዘፈናቸው «በየቀኑ» ማለት ነው። ሙሽሮች ይወዱታል። ምክንያቱን መገመት አይከብድም። ስለ ታላቅ ፍቅር አይፎክርም። በየቀኑ አንተን እመርጣለሁ ዓይነት ነገር ነው የሚለው፤ የትዳር ቃል ኪዳን ሆኖ ለመነበብ ምንም አይጎድለውም።

ሊማሳዋ ጎዳና

በግንቦት 2019 የመጀመሪያ ሙሉ አልበማቸው «ሊማሳዋ ስትሪት» ወጣ። ሊማሳዋ በደቡብ ሌይቴ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። በ1521 መርከበኛው ማጄላን ሲደርስ የመጀመሪያው የፋሲካ ቅዳሴ የተቀደሰባት እሷ ናት ይባላል። የፊሊፒንስ ልጅ ስሟን ከትምህርት ቤት የታሪክ መጽሐፍ ያውቀዋል። እነሱ ደግሞ ከታሪክ መጽሐፍ አውጥተው የሰፈር ጎዳና አደረጓት። ወድጄላቸዋለሁ።

በእኔ ጆሮ እስካሁን ምርጡ ሥራቸው ይሄ አልበም ነው። «አራው አራው» እዚህ አለ። «ፓግቲንጊን» እዚህ አለ፤ ለጓደኛው ያለውን ስሜት አውጥቶ መናገር የፈራ ሰው ዘፈን። «ሚትሳ»ም አለ፣ በቅንፍ «ሳላማት» የሚል ተጨማሪ ስም ያለው። ሳላማት በእነሱ «አመሰግናለሁ» ነው። ቃሉ ከአረብኛ የመጣ ስለሆነ ለእኛ ጆሮ ሰላም ሰላም ይላል። ዘፈኑ ግን የመለያየት ነው፤ ተለያይቶም የሚያመሰግን።

አልበሙን ያጠነከረው ልክ ማወቁ ነው። ዘጠኝ ሰው ሆነው ዘጠኙም በየሰከንዱ አይጫወቱም። ዝምታ አለ። ወጣት ባንድ ብዙ ጊዜ የሚያቅተው ይህ ነው፤ መጫወት የሚችለውን ሁሉ መጫወት ይፈልጋል።

ቋንቋውንም ልብ በሉ። አልበሙ ውስጥ እንግሊዝኛም ፊሊፒኖም አለ። ፊሊፒንስ ከ7,000 በላይ ደሴቶችና ከ100 በላይ ቋንቋዎች ያሏት አገር ናት። ፊሊፒኖ የሚባለው ብሔራዊ ቋንቋ መሠረቱ ታጋሎግ ነው፤ የማኒላና የአካባቢዋ ቋንቋ። ስለዚህ «በአገር ቋንቋ ዘፈኑ» ሲባል ለሴቡ ሰው ወይም ለኢሎኮስ ሰው የአፍ መፍቻው ላይሆን ይችላል። ሴቡዎች የራሳቸው ደማቅ ፖፕ አላቸው። የማኒላ ባንድ በቀላሉ «የአገር ባንድ» ይባላል፤ የሴቡ ባንድ «የሴቡ ባንድ» እንደሆነ ይቀራል። ይህ የቤን ኤንድ ቤን ጥፋት አይደለም። የተሳካላቸው በምን ሜዳ ላይ እንደሆነ ለማየት ግን ይጠቅማል።

ዘጠኙ ቤት ሲዘጋባቸው

መጋቢት 2020። ኮሮና መጣና ማኒላ ያለችበት የሉዞን ደሴት በሙሉ ተዘጋ። የማኒላ መዘጋት ከዓለም ረጃጅሞቹ አንዱ ነበር። ኮንሰርት የለም። የከተማ ፌስታ (ዓመታዊ ክብረ በዓል) የለም። የዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ድግስ የለም። ለፊሊፒንስ ባንድ እነዚህ ሦስቱ እንጀራው ናቸው። ለብቻው የሚዘፍን ሰው ቤቱ ሆኖ ይቀዳል። ዘጠኝ ሰው ያለው ባንድ ምን ያደርጋል?

አብረው አንድ ቤት ገቡ። ዘጠኙም። ቤቱን «ፔብል ሃውስ» አሉት፤ የጠጠር ቤት። እዚያው እየኖሩ ጻፉ፣ ቀዱ፣ ትርዒታቸውን በኢንተርኔት አስተላለፉ። (ከአንድ ሰው ጋር ኩሽና መጋራት እንኳ ምን እንደሚያህል የሚያውቅ ያውቀዋል።) በዚያው ዓመት የወጣው «ሳ ሱሱኖድ ና ሃባንግ ቡሃይ» በሚቀጥለው ሕይወት እንገናኝ የሚል ነው። ያን ሰሞን ሰው ዘመዱን በወጉ ሳይቀብር ነበር። ዘፈኑ የፍቅር ዘፈን ሆኖ ሳለ ሐዘንተኛ ሲሰማው ሌላ ይሆንበታል።

በዚያው ወቅት ሌላ ነገር ተፈጠረ። በግንቦት 2020 የአገሪቱ ትልቁ የቴሌቪዥን ድርጅት ኤቢኤስ ሲቢኤን ፈቃዱ አልቆ ከአየር ወረደ። በሐምሌ የምክር ቤት ኮሚቴ አዲስ ፈቃድ ከለከለው። ለአሥርት ዓመታት ዘፋኝ የሚሠራው፣ የሚያወጣው፣ የሚያነግሠው ቴሌቪዥን ነበር። የእሁድ ትርዒት ላይ ካልታየህ የለህም። ያ በር ሲጠብ፣ ቀድሞውኑ አድማጩን በስልክ ያገኘ ባንድ ብዙም አልተናወጠም። ስፖቲፋይ ፊሊፒንስ የገባው በ2014 ነው። ቤን ኤንድ ቤን ከእሱ ጋር ነው ያደገው። እድል ነው። እድሉ ሲመጣ ግን ዘፈን በእጃቸው ነበር።

የዚያ ቤት ውጤት በነሐሴ 2021 ወጣ፤ «ፔብል ሃውስ፣ ቅጽ 1፦ ኩዋደርኖ»። ኩዋደርኖ ደብተር ነው፤ ስፔኖች ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሲገዙ ትተው ከሄዷቸው ብዙ ቃላት አንዱ። አልበሙ በእንግዶች የተሞላ ነው። ድምፃውያኑ ሞይራ ዴላ ቶሬ እና ኬዚ ታንዲንጋን፣ ፓሮክያ ኒ ኤድጋር የተባለው የሮክ ባንድ ድምፃዊ ቺቶ ሚራንዳ፣ ራሳቸውን የግጥም ፎክ ብለው የሚጠሩት ሙኒሙኒዎች፣ የዳንስ ቡድኑ ኤስቢ19ም ጭምር። ፎክ፣ ሮክ፣ የዳንስ ፖፕ፣ ሁሉም በአንድ ደብተር።

በግልጽ ልናገር፣ ይህ አልበም ለእኔ ይበዛብኛል። እንግዳ ሲበዛ ባለቤቱ ይጠፋል። ሆኖም ሁለት ነገሮች አሉት። አንደኛው «ፓሳሉቦንግ» ነው። ፓሳሉቦንግ ከመንገድ ሲመለሱ ለቤተሰብ የሚያዝ ስጦታ ነው፤ ባዶ እጅ አይገባም የሚለው የእኛም ወግ እነሱ ጋ ስም አለው። ሁለተኛው ከኤስቢ19 ጋር የሠሩት «ካፓንግያሪሃን» ነው። «ሥልጣን» ማለት ነው። የወጣው በፕሬዚዳንት ሮድሪጎ ዱቴርቴ የመጨረሻው የሥልጣን ዓመት ላይ ነው። ሥልጣንን መከታ አድርጎ ሰው የሚጎዳን ሰው በቀጥታ ይናገራል። የድሮ ፎክ አፍቃሪ «አገሩ የት ሄደ» ላለው መልሱ በከፊል እዚህ አለ። ከፍቅር ዘፈኖቹ አንፃር ግን ጥቂቱ ነው።

ገንዘቡ

በሚሊዮን የሚደመጥ ባንድ ሀብታም ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ፣ አሠራሩን እንይ።

ስፖቲፋይ ለአንድ ዘፈን አንድ ጊዜ መደመጥ ቁርጥ ዋጋ አይከፍልም። የተሰበሰበው ገቢ አንድ ቋት ውስጥ ይገባል። ከዚያ እያንዳንዱ ዘፈን በተደመጠበት ብዛት ድርሻ ይከፋፈላል። ቋቱ ደግሞ በየአገሩ ነው የሚታሰበው። ፊሊፒንስ ውስጥ የወር ክፍያው ከአሜሪካው ሲሶ አይሞላም፤ ማስታወቂያ እየሰማ በነፃ የሚጠቀመውም ብዙ ነው። ስለዚህ ማኒላ ላይ አንድ ሚሊዮን ጊዜ መደመጥና ኒው ዮርክ ላይ አንድ ሚሊዮን ጊዜ መደመጥ እኩል ገንዘብ አያመጡም። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በዓመት 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ምንም አይከፈለውም። ይኼኛው ለቤን ኤንድ ቤን ችግር አይደለም። ለሚከተሏቸው ታዳጊ ፎክ ባንዶች ግን ነው።

ከሚመጣው ላይ ኩባንያው ድርሻውን ያነሳል። የቀረው ለዘጠኝ ይካፈላል። የዘፈኑ ደራሲዎች በሌላ መስመር የድርሰት ክፍያ አላቸው። ፊልስካፕ የሚባለው የደራሲዎች ማኅበር ከ1965 ጀምሮ ከሬዲዮ፣ ከሆቴል፣ ከምግብ ቤት፣ ከኮንሰርት አዘጋጅ ለዘፈን ባለቤቶች ይሰበስባል። ከዚህ ውጪ ያለው የመድረክ ገንዘብ ነው። መድረክ ላይ ደግሞ ዘጠኝ ሰው ማለት ዘጠኝ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ዘጠኝ አልጋ፣ የድምፅ ባለሙያውና ዕቃ ጫኚው ሳይቆጠር ማለት ነው። አንድ ዘፋኝ ትራክ በፍላሽ ይዞ በሚሄድበት መንገድ እነሱ አውቶቡስ ያስፈልጋቸዋል። ለዚህ ነው ትልቅ መድረክ የግድ የሚሆንባቸው። ትንንሽ ካፌ ውስጥ የሚያምረው ሙዚቃቸው በካፌ ሒሳብ አይኖርም።

ይህ የሙዚቃውን ጠባይ ይቀይራል ብዬ አምናለሁ። አዳራሹ ሲሰፋ አዝማቹም ይሰፋል። የመጀመሪያ ሥራዎቻቸውን ሹክሹክታ ከኋለኞቹ ጋር አስተያዩ። ሹክሹክታው አልጠፋም፤ አጥሯል።

ባሕር ማዶ

ፊሊፒንስ ሰው ወደ ውጭ የምትልክ አገር ናት። ሚሊዮኖች በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በሆንግ ኮንግ፣ በአሜሪካ፣ በመርከብ ላይ ይሠራሉ። በ2024 ወደ ቤት የላኩት ገንዘብ ከ38 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ይህን ሕይወት የእኛም ሰው ያውቀዋል። ዱባይ፣ ሪያድ ወይም ቤይሩት የሠራች ኢትዮጵያዊት ከፊሊፒናዊት ጋር ኩሽና ያልተጋራች ጥቂት ናት። አንዷ ስልኳን ከፍታ የአገሯን ዘፈን ስታሰማ ሌላዋ ቃሉን ሳታውቅ ዜማውን ትይዘዋለች። «ሳላማት»ን የተማሩ ብዙዎች እዚያ ነው የተማሩት።

ለእንዲህ ዓይነቱ አድማጭ ስለ ናፍቆት፣ ወደ ቤት ስለ መመለስ፣ ስለ ፓሳሉቦንግ የሚዘፍን ባንድ የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ አይሆንም። በ2022 ሰሜን አሜሪካን ሲዞሩ የጠበቃቸው ሕዝብ በአብዛኛው ይኼው ስደተኛና ልጆቹ ናቸው። ሰዉ «ዓለም አቀፍ ስኬት» ሲል የሚያስበው የፈረንጅ አድማጭን ነው። የቤን ኤንድ ቤን ዓለም አቀፍ አድማጭ ግን መጀመሪያ የራሱ ሰው ነው፤ ሌላ አገር የሚኖር። ከ110 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አገር ቤት፣ በላዩ ላይ በየአህጉሩ የተበተነ ወገን ያለው ባንድ ሌላ ገበያ ለመለመን አይቸኩልም።

ሌላው ቀስ ብሎ መጣ። በ2021 «ሊቭስ» የሚለውን ዘፈናቸውን ከኮሪያው ዴይ6 ባንድ ያንግ ኬ ጋር እንደገና ሠሩት። በመጋቢት 2024 እንግሊዛዊው ዘፋኝ ኤድ ሺራን ማኒላ ሲመጣ መድረኩ ላይ ጠራቸው፤ አብረው የተጫወቱት የእሱን ዘፈን አልነበረም። «ሜይቢ ዘ ናይት»ን ነበር። እንግዳው የቤቱን ዘፈን ተምሮ መጣ ማለት ነው።

አሁንስ?

አሁን ሜዳው ተለውጧል። ኤስቢ19 እና ቢኒ የሚባሉት የዳንስ ቡድኖች ፒፖፕ በሚባለው የፊሊፒንስ ፖፕ አገር ምድሩን አስጨፍረዋል። በ2025 ደግሞ ከባጊዮ ከተማ የመጣው ካፕ ኦፍ ጆ የተባለ ባንድ «ሙልቶ» በሚለው ዘፈኑ ቢልቦርድ ግሎባል 200 በሚባለው የዓለም ዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ የገባ የመጀመሪያው የፊሊፒንስ ባንድ ሆነ። ሙልቶ «መንፈስ» ወይም «የሙት ጥላ» ነው። በጊታር የተሠራ፣ በፊሊፒኖ ቋንቋ፣ ስለማይለቅ ትዝታ። ቤን ኤንድ ቤን ያልረገጠው ሰንጠረዥ ላይ ታናሹ ወጣ። መንገዱን ማን እንደጠረገው ግን ሙዚቃው ራሱ ይናገራል። ከአሥር ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ባንድ እንዲህ ያለ አድማጭ ያገኛል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነበር።

እነሱ በበኩላቸው ሦስተኛውን አልበም በኅዳር 2024 አወጡ፤ «ዘ ትራቨለር አክሮስ ዳይሜንሽንስ»። ከዓለም ዓለም የሚዞር መንገደኛ። በታኅሣሥ ሞል ኦፍ ኤዥያ አሬና ውስጥ አቀረቡት። ከሰፈር ጎዳና ተነስተው፣ በአንድ ቤት አልፈው፣ አሁን ሕዋ ላይ ናቸው። ድምፁ ሰፍቷል፣ ሮክ ገብቶበታል፣ ምኞቱ ትልቅ ነው። አድናቂዎቻቸው «ሊዋናግ» ይባላሉ፤ ብርሃን። እነሱ ተከትለዋቸዋል። እኔ ግን አንዳንዴ አልበሙን መሐል ላይ አቁሜ ወደ ሊማሳዋ እመለሳለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2018 «ቢቢንግካ» የምትባል የገና ዘፈን ለቀው ነበር። ቢቢንግካ በሩዝ ዱቄትና በኮኮናት ወተት የሚጋገር፣ ከላይም ከታችም ፍም እሳት የሚደረግበት ዳቦ ነው። ከገና በፊት ባሉት ዘጠኝ ቀናት ሰው ጎህ ሳይቀድ ያስቀድሳል፤ ሲወጣ ቤተክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ትኩሱን ይገዛል። ፊሊፒንስ ውስጥ ደግሞ የገና ዘፈን በታኅሣሥ አይጀምርም። ሴፕቴምበር አንድ ሲል፣ እኛ ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ስንገዛ፣ እነሱ ሞሉ ውስጥ የገና ዘፈን ይከፍታሉ። አራት ወር ሙሉ ይዘፈናል። ቢቢንግካም ከሌሎቹ ጋር ትወጣለች፤ ሠራተኛው በጂፕኒ (በአገሩ ታክሲ) ወደ ቤቱ ሲሄድ ሬዲዮው ላይ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ለበዓሉ ሲለማመድ።